እትዬ ያለችውና እኔ የነገርኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይቺን እየዘለልኳት ዓመታት አለፉ። ለእናንተ ልናገር፤ እናንተ እትዬን አታውቋትም።

እትዬ ዘነበች ታላቅ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እዚህ ሲያትል ካንሰር የተገኘባት ጊዜ፣ ሆስፒታሉ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ላቅርብላችሁ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ወሬው እሑድ ሳይደርስ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። «እኔ ወንድሟ እያለሁ!» አልኩ። እሷም ደስ አላት።

ኬሞ ስትጀምር ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ነበር። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ካቃጠላት ቶሎ ንገሩኝ፣ መድኃኒቱን እቀንሳለሁ አለ። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት «እቀንሳለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ከተቀነሰ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

ጥቂት ዙር እንደወሰደች፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት «እግሬ የእኔ አልመስለኝ አለ፤ ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ስተኛ ደግሞ ጉንዳን ይወረኛል። ንገረው» አለችኝ። እኔ ዞሬ ትንሽ እንደሚደክማት በእንግሊዝኛ ነገርኩት።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ኬሞው ሲያልቅ ይለቅሻል አለ።»

ይኸው ነው ያደረግሁት። ያለችውን ዋጥኩ፣ ሐኪሙ ያላለውን አለ አልኩ። በሰው እግር ላይ ማን ሾመኝ? ለነፍሷ ፈርቼ ነው እላለሁ። ግን ያኔ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነበርኩ፤ ሕክምናው ተራዝሞ እንደገና ፈቃድ መለመን አስጠልቶኝስ እንደሆነ? እሱም ነበረበት። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያንኑ ደገምኩት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ደጃፉ ላይ ከተደረደረው ጫማ መሃል የራሷ መስሏት የሌላ ሴት ጫማ አጠለቀች። ማውንትሌክ ቴራስ ያለው ቤቷ ደርሳ ስታወልቀው ተረከዟ ተልጦ፣ ካልሲዋ በደም ርሶ ነበር። ጫማው በጣም ይጠባታል፤ አልተሰማትም። ደሙን አይታ ሳቀች። «የሰው ጫማ ይዤ ስሄድ እግዜር የእጄን ሰጠኝ» አለች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በማግስቱ ለሐኪሙ ደውዬ እግሯ መደንዘዙን ነገርኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲለኝ «ከዚህ ሳምንት» አልኩት። መድኃኒቱን ቀነሰ። የፈራሁት አልደረሰም፤ እትዬ ዳነች። እግሯ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። ዛሬም ቤት ውስጥ የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው።

«ድናለች አይደል ታዲያ?» እንዳትሉኝ። በተቀነሰውም ድናለች።

ይቅርታ የሚጠየቀው ከእናንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ስሄድ ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አስርላታለሁ፤ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ። እሷ እጇን ራሴ ላይ ታደርግና ትመርቀኛለች።

«አፍ ላጣሁት አፍ የሆንከኝ፣ አንደበትህ አይታሰር» ትለኛለች።

እኔም አሜን እላለሁ።