ለሃያ ስድስት ኪሎ የተመረጠ ባሌስትራ

የልጅ ልጄን አባት የሥራ ባልደረቦቹ «ሲሚንቶ» ይሉታል። በፒክ አፑ ሲሚንቶ ስለሚያመላልስ ነው ስሙ የወጣለት፤ እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። አንዴ ዝም ካለ በመዶሻም አይፈታም። ከልጄ ጋር ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖር አንድም ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም። ሲለያዩም እንደዚያው ነበር። ሻንጣውን መኪናው ላይ ጫነ፣ «እማማ፣ ደህና ይሁኑ» አለኝና ሄደ። ልጄም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ልጅቷ እኔ ጋ ቀረች፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

እሱ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዳት ይመጣል፣ እሁድ ይመልሳታል። ከእኛ ቤት እስከ እሱ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ያስነዳል፤ ግማሹ መንገድ ኮረኮንች ነው።

በመሃል ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሚያሳልፋቸው የማውቀው፣ አንድ ጊዜ ታሞ ሾርባ ይዤለት ስለሄድኩ ነው። የሚኖረው ከአንድ የሴራሚክ መደብር በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ላይ ጃኬቱ ተንጠልጥሎበት ስለነበር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑ አንድ፣ ሹካው አንድ፣ ብርጭቆው አንድ። ሁለት የሆነው ትራስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ትራስ ከነላስቲኩ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩት።

«የእሷ» አለ።

ላስቲኩን የሚያወጣው እሷ ስትመጣ ነው ለካ። ስትሄድ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው መልሶ ያለብሰዋል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ዓርብ ልጅቷ የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና አለችና፣ «እምዬ፣ ነገ አልሄድም» አለችኝ።

«ምነው?»

«አባዬ አያወራም። መኪና ውስጥ ዝም፣ ቤት ስንደርስ ዝም። ቴሌቪዥን ይከፍትልኝና አጠገቤ ቁጭ ብሎ እኔን ያያል።»

«ስለሚወድሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ግን ይደብራል።»

በማግስቱ አባቷ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። በር ላይ ተቀበልኩት። እውነቱን ልነግረው ነበር፤ የተቆረጠውን ፀጉሩን ሳይ ግን አንጀቴ አልችል አለ።

«መኪናው አንገላታት» አልኩት። «ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ ይገለባበጥባታል፤ ያቅለሸልሻታል።»

ጨርሶ ውሸት እንኳ አይደለም። ያ መኪና ጭነት ከሌለበት እንደ ፍየል ነው የሚዘለው። እሱ ወዲያው ሄዶ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ ከሥር ያለውን ብረት በእጁ ዳበሰው፣ ተነስቶ እጁን በመሐረብ ጠረገ። «እሺ እማማ» ብሎ ብቻውን ተመለሰ።

በሳምንቱ ስልክ ደወለልኝ። ከጀርባው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ኪሎዋ ስንት ነው?»

«የማን?»

«የልጅቷ። መካኒኩ ስንት ኪሎ ነው የምትጭነው እያለኝ ነው።»

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ተመዝና ስለነበር፣ «ሃያ ስድስት» አልኩት።

ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሲደግመው ሰማሁ። አንድ ወፍራም ድምፅ በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ሰው! ይሄ እኮ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ለግማሽ ከረጢት ብለህ ነው መኪናህን የምታፈራርሰው?»

የቀረውን የነገረኝ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳሎናችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ባወቅሁት ዘመን ሁሉ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እስክሪብቶ ተቀብሎኝ በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ከኋላ ጎማ በላይ ተደራርበው የታሰሩት ረጃጅም ብረቶች ባሌስትራ ይባላሉ። ሃያ ከረጢት ብቻ መጫን አላዋጣ ቢለው ከዓመታት በፊት አንድ ብረት አስጨምሮባቸው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ይጭናል። መኪናው ባዶውን ሲሄድ የሚዘለው በዚያ ብረት ነው። መካኒኩ አንድ ሌላ ብረት ጨምር፣ ሠላሳ ትጭናለህ ብሎ ጎትጉቶታል። ያ ካልሆነ ባሌስትራውን ሳትነካ አሞርዛተሩን ብቻ ቀይር፣ ንጥረቱን ትንሽ ያበርድልሃል ብሎታል። እሱ ግን የጨመረውን ብረት ማስወጣት ፈለገ፤ ለአራቱም ጎማ ለስላሳ አሞርዛተር ማስገባትም።

«ከዚያ በኋላ ከአሥራ ስምንት ከረጢት በላይ ብትጭን ቂጡ መሬት ይነካል፣ ኋላ መጥተህ እንዳታለቅስብኝ አለኝ» አለ። «አንተ በሳምንት አምስት ቀን ሲሚንቶ ነው የምትጭነው፤ ልጅህን በወር አራት ቀን። መኪና የሚስተካከለው ለአዘቦቱ ነው አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«አውጣው አልኩታ።»

ቀድሞ በሁለት ዙር የሚጨርሰውን ጭነት አሁን በሦስት ነው የሚያደርሰው። በቀን ያን ያህል ተጨማሪ መንገድ ብቻውን ይነዳል ማለት ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሱ የሣለውን ብረት እያየ ፈገግ ብሎ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

«እርስዎም ይምጡና ይሞክሩት፣ እማማ» አለ።

ልጅቷን እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ምሳ በልተን ዛሬውኑ እንመለሳለን ብዬ አባበልኳት። ጋቢና ውስጥ ሦስታችን ተደረደርን፤ እሷ መሃል ሆነች። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር በልማድ የበሩን እጀታ ጨብጬ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ቀድሞ እዚያ ስንደርስ በሩ ይንቋቋል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከወንበር ሥር ያለው የመኪና ማንሻ ክሪክ ይጮኻል፤ ላውራ ቢሉም አይደማመጡም። አሁን መኪናው ድንጋዩን እየዋጠው ይሄዳል።

በየጉድጓዱ አንገቱን ዞር እያደረገ ፊቷን ያያታል።

«አቅለሸለሸሽ?»

«አይ።»

ትንሽ ሄድን።

«አሁንስ?»

«አይ፣ አባዬ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ዝምታውን የሚሸፍንለት ጩኸት ስላልነበረ የሦስታችንም ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ መኪናውን አላልኩም» አለች።

«ምን?»

«መኪናው ያንገላታል አላልኩም። አታወራም ነው ያልኩት። መኪናው ያለችው እምዬ ናት።»

ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው እንጂ...»

ራሱን ነቀነቀ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። ሲሚንቶ የሰነጣጠቃቸውን እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ምን ላውራሽ?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ትልቁ አንተ አይደለህ?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት። እሱ ማርሽ አስገብቶ መንዳት ጀመረ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማክሰኞ» አለ። «ማክሰኞ ለአንድ ሕንፃ ሲሚንቶ አወረድኩ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመለስኩ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው በረጅሙ ተነፈሰች።

ከሰዓት በኋላ ሲመልሰን መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ የሚናገረውን ነገር እየፈለገ ነበር መሰለኝ። ያገኘው ሁለት ነው፤ የናፍጣ ማደያው ሰልፍ ረጅም እንደሆነ ነገራት፣ አንድ ግንበኛ መሰላል ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ነገራት። በሁለተኛው ፈገግ አለች። ቤት ስንደርስ ግን እጇን አውለበለበችለትና ሮጣ ገባች። እሱ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆሞ አየ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ደወለ። «እማማ፣ ቅዳሜ ትመጣለች?»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ጠየቅኋት። እርሳሷን እያኘከች ቆየች። «የሚቀጥለውን ጊዜ እንጃ፣ አስቤ እነግረዋለሁ። የነገ ወዲያውን ግን አልመጣም በዪው።»

ጉንፋን፣ ፈተና፣ የጓደኛ ልደት፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያለችውን እንዳለችው ነገርኩት።

«ምንም ሳይቀንሱ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እሺ» አለ።

ይዘጋዋል ብዬ ብጠብቅ አልዘጋም። የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሦስተኛ ዙሩን እየሄደ ነበር።

«ሌላ ነገር አለ፣ ልጄ?»

«የለም፣ እማማ። እየተለማመድኩ ነው።» ቆየና ደግሞ፣ «ዛሬ እዚህ ዘንቦ ነበር» አለ።

«እዚህም ዘንቧል» አልኩት፤ ሌላ እስኪመጣለትም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።