እህቴና የግራ ዳሌዬ

ልጅ ሆኜ፣ ቴፒ ስንኖር፣ በቡና ለቀማ ወራት ጎረቤቶቻችን አመሻሽ ላይ እኛ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር። የታጠበው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ስለሚያድር ጠባቂ ያስፈልገው ነበር፤ ጠባቂውም አባባ አደሎ የሚባሉ የጌጫ ሰው ነበሩ። እርጥብ ግንድ እያጨሰ ዓይናችንን ሲለበልበን፣ ከዋንዛው ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ፋኖስ ሲወዛወዝ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ተረት ይጀምራሉ። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለነበር ቃል ሲጠፋቸው በእጅ በእግራቸው ያሳዩን ነበር።

ያኔ ልጅ ሁሉ የሚወደው የጅቡን ተረት ነበር። ጅብና ጦጣ ማር ሊሰርቁ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ጦጣዋ ጅቡን በሐረግ አስራ ልታወርደው ቃል ትገባለች፤ መሃል ላይ ሐረጉን ትለቀዋለች፤ ጅቡ በዳሌው ይወድቃል፤ ዘሩም ሁሉ እያነከሰ ይቀራል። አባባ አደሎ ተነስተው እንደ ጅቡ ሲራመዱ ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ ከዚያ አንዱ ሳይታወቀው ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። ስራመድ በግራ በኩል አዘነብል ስለነበር ቀሚሴን ወደ ታች እየጎተትኩ አንገቴን እደፋለሁ።

ከእኔ ይልቅ የምታፍረው ግን እህቴ አስቴር ነበረች። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ጨቅላ ሳለሁ አዝላኝ ስትሮጥ ጭቃ አዳልጧት ጥላኛለች፤ ዘግይቼ ድክ ድክ ስል ማነከሴ ሲታይ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያገኘ መሰለው። እናቴም እንግዳ በጠየቃት ቁጥር «እህቷ ጥላት ነው» ትል ነበር፣ አስቴር እዚያው ቆማ እየሰማች። ተረቱ ጦጣዋ ሐረጉን የለቀቀችበት ላይ ሲደርስ አስቴር ብድግ ብላ ቤት ትገባለች።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ሕመሙ ስለባሰብኝ እናቴና አስቴር ሚዛን ተፈሪ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ።

«ይሄ ቀኙ ነው» አለ። «የጭን አጥንቷ ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌዋ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። በግራ በኩል ጎድጓዳው ጥልቀት ስለሌለው ኳሱ ወጥቶ ወደ ላይ ሄዷል። እግሯ ያጠረው ለዚያ ነው። ዳሌዋን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችም ስለላሉ ስትራመድ ታዘነብላለች።»

«ጥያት ነው» አለች አስቴር፣ ወለል ወለሉን እያየች።

ሐኪሙ ፊልሙን ዝቅ አደረገ። «በመውደቅ እንዲህ አይሆንም። ከልደቷ ጀምሮ ነው።» ወደ እናቴ ዞረና «ስትወለድ እንዴት ነበር የመጣችው?» አላት።

«በመቀመጫዋ» አለች እናቴ።

«እንዲያ በሚወለዱት ላይ ይበዛል።»

አስቴር ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ደግማ ጠየቀችው፤ እርግጠኛ መሆኑን ሲነግራት ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለብቻዋ ከኋላ ተቀመጠች። እናቴ እስከ ቴፒ ድረስ ዞር ብላ አላየቻትም፤ መድፈር ያቃታት ይመስለኛል።

የዚያን ዕለት ምሽት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እሳቱ ዳር ተቀምጣ «ሐኪሙ ምን አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ያኔ ከማህፀን ጎድሎ የተወለደ ልጅ የእናቱ ኃጢአት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ እናቴም ይህን ታውቃለች። ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ጥፋቱ የአስቴር አይደለም» አለች። «ብትጥላትም እግሯ በዚያ አልተጎዳም። ከእኔ ስትወጣ ጀምሮ እንዲህ ነበረች። በልጄ ሳሳብብ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

አባባ አደሎ ፍሙን በእንጨት አገላበጡ። አስቴር ቤት ውስጥ ነበረች፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሰምታለች፣ ግን አልወጣችም። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ እናቴን ከግዴታ ቃል በላይ አላነጋገረቻትም፤ እናቴም ለምን አላለቻትም።

ማነከሴን ከለመድኩት ቆየሁ፤ ማን እንዳየኝም አልቆጥርም። እናቴ በዚያ ጭስ መሃል፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት፣ ለመቀመጥም አፍራ የቆመችው አቋቋም ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ያኔ ተነስቼ አጠገቧ ልቆም ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሁሉ እግሬን ያያል ብዬ ተቀመጥኩ።