የአባዬ የስም መጥሪያ ደብተር

ማለዳ ላይ የዕድር ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር ሰበታ ያለው ሰፈራችንና የአባዬ ደብተር ትዝ ይሉኛል። አባዬ የዕድራችን ጸሐፊ ነበር፤ ቀብር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ግማሹ አባል ግን ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ስለሚውል፣ አንጀቱ አልችል እያለው ያልመጡትንም «አለ» ብሎ ይጽፍላቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ይስቅበታል፣ ይወደውማል።

በዚያ ዓመት አጨዳ ሲጀመር፣ መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ዘጋ፣ እኛም የተኩስ ድምፅ ለመድን። ለገበሬው ይሟገቱ የነበሩት ኦቦ ቶሎሳ፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን ስንቀብር፣ እሳቸውም ወደዚያው ሊመጡ ከደጃቸው ሲወጡ በጥይት ተገደሉ። ገዳዩን ያየ ሰው አልነበረም። ለቅሶው ላይ አንዱ መንግሥት ነው ሲል ሌላው የመሬት ደላሎች ናቸው፣ ሌላው ደግሞ የገዛ ወገናቸው ነው ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ወሬው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከጎናችን ቤት በተከራየው፣ መሬት ቀያሽ በሆነው በጋሽ መኮንን ላይ አረፈ። ሜትር ይዞ በየማሳው ሲዞር ታይቷል፣ በቃ።

አባዬ ደብተሩን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ የሟቹ ወንድም ኦቦ ለሚ ዘንድ ሄደ።

«በዚያ ሰዓት መኮንን ቀብር ላይ ነበር፤ ይኸው ጽፌዋለሁ፣ ይዩት» አላቸው።

ኦቦ ለሚ ደብተሩን እንኳ አልገለጡትም።

«ያንተ ደብተር ላይ መቼ ሰው ቀርቶ ያውቃል፣ ኢልማኮ፣ ልጄ?»

አባዬ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ጋሽ መኮንንን አይቼዋለሁ፤ አፈር ሲመለስ እሾህ ወግቶኝ ሳለቅስ፣ አካፋውን ጥሎ የነቀለልኝ እሱ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ እጄን ጭብጥ አደረገኝ። ለእኔ ፈርቶ እንደሆነ ገባኝና ዝም አልኩ።

በማግስቱ የጋሽ መኮንን ቤት ተቃጠለ። ሚስቱን አስወጥቶ እሱ እሳቱ ውስጥ ቀረ፤ የዕድሩ አባል ቢሆንም ጡሩንባ የነፋለት የለም። በልግ ሲገባ አባዬ ደብተሩን ለሌላ ሰው አስረከበና ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ የኦቦ ቶሎሳን ገዳይ ያውቃል፤ በየዓመቱ አዲስ ስም ይወጣል፣ በምን አወቃችሁ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እኔ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ማን እንዳልገደላቸው ነው፤ ያኔም አውቅ ነበር።