ስልኩን ያነሡ የነበሩት ሴት

ባለፈው ሳምንት ወደ ባንክ ስደውል የማሽን ድምፅ ተቀበለችኝ። ቁጥር እንድጫን አዘዘችኝ፤ ተጫንኩ፤ ሌላ ቁጥር አዘዘችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የላከልኝ ጥያቄ ነበር፦ ማሽን የሰውን ሥራ እየወሰደ ሲሄድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሠራም አልሠራም፣ የሚኖርበት ቋሚ ገቢ ቢሰጠው ያዋጣል ወይ? በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት ከመስጠት ለረጅም ዓመታት ተቆጥቤያለሁ። የተቆጠብኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጀማሪ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ኢስትሊ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ በተከራየሁት ክፍል ነበር። ከታች ሰው በአማርኛም በሶማሊኛም ሲጠራራ ይውላል፤ እኔን የሚጠራኝ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ዝምታዬን እንደ ምሁርነት ማስረጃ እቆጥረው ነበር።

በየቀኑ የሚያናግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የድርጅቱ የስልክ ኦፕሬተር ማማ ንጄሪ። ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው፤ በሐምሌ ብርድ ሁለት ሹራብ ይደርባሉ። "ኪጃና" ይሉኝ ነበር፤ በስዋሂሊ "አንተ ልጅ" እንደማለት ነው። "ኪጃና፣ ዛሬም ቁርስ አልበላህም፤ ፊትህ ያሳብቃል" ብለው ከሻያቸው ጋር ከሚበሉት፣ ቦምቦሊኖ ከሚመስለው ማንዳዚ ቆርሰው በወረቀት ይሰጡኛል።

ዓርብ ዓርብ እናቴ ከምትኖርባት ትንሽ የጎንደር ከተማ፣ ከቴሌ ቢሮ ትደውልልኛለች። ቤቷ ስልክ አልነበራትም። ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም፤ ማማ ንጄሪም ከ"እንዴት አደሩ" ያለፈ አማርኛ አልነበራቸውም። ሆኖም መስመሩን ለእኔ ከማስተላለፋቸው በፊት ሁለቱም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሳሳቁ ነበር። ምን እንደሚባባሉ ጠይቄ አላውቅም።

ድርጅቱ ስልክ በራሱ የሚያነሣ መሣሪያ ለመግዛት ሲያስብ ጥናቱ ለእኔ ተሰጠ። መሣሪያው እንዲገባ፣ ማማ ንጄሪ ግን እስከ ጡረታቸው ድረስ ቤታቸው ሆነው ሙሉ ደመወዛቸውን እንዲያገኙ ሐሳብ አቀረብኩ። ተፈቀደ። ኩራት እየተሰማኝ ነገርኳቸው።

"ሳልሠራ?" አሉ ማዳመጫውን ከጆሯቸው እያወረዱ። "ባሌ እንኳ ሠርቶም አምጥቶልኝ አያውቅም!"

ስቀው ሲጨርሱ፣ "የእናትህን ስልክ ታዲያ ማን ያነሣል?" አሉኝ።

"መሣሪያው" አልኳቸው።

መሣሪያው ከገባ በኋላ ሦስት ዓርብ ያለ እናቴ ድምፅ አለፈ። በአራተኛው ሳምንት፣ በጎረቤት እጅ የተጻፈ ደብዳቤዋ ደረሰኝ። "ልጄ፣ ያቺ ሳቂታ ሴትዮ የት ሄደች? አሁን የምታነሣው ሰው አታስጨርስም። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳት፤ የራሷን ብቻ ትደግማለች። አስቀይመሃት እንደሆነ ይቅርታ ጠይቃት።"

በማግስቱ ቅዳሜ በማታቱ ሚኒባስ ከናይሮቢ ወጣ ወዳለችው ሊሙሩ፣ ወደ ማማ ንጄሪ ቤት ወጣሁ። ጉሙ የሻይ ተክሉን ሸፍኖታል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው ቀኑ ባዶ ይሆንበታል ብዬ ስለማምን ተክዘው አገኛቸዋለሁ ብዬ ሠጋሁ። እርሳቸው ግን ቦት ጫማ አድርገው ከጓሯቸው ጎመን ይቀጥፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለባቸው፤ የታመመች ጎረቤታቸውንም የሚያስታምሙት እርሳቸው ናቸው። የበቆሎና የባቄላ ቅቅል አቀረቡልኝ። ደብዳቤውን እየተረጎምኩ ሳነብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ጉልበቷንስ አውቃለሁ" አሉ። "ስትቀመጥ ስታቃስት እሰማት ነበር።"

ከዚያ ሞባይላቸውን አወጡ። "ቁጥሬን ጻፍላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውል። መጀመሪያ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ አንተ ወረፋህን ጠብቅ።"

ሁለት ዓመት ያህል በየቅዳሜው ወጣሁ። እርሳቸው ያነሣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ በጆሯቸው የሞቀውን ስልክ ያቀብሉኛል። ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም፤ ጊዜውን የሰጣቸው ግን ያ ደመወዝ ነበር።

እናቴ አረፈች። ቀብሯ ላይ ደርሼ ስመለስ የቢሮው መሣሪያ አንድ የድምፅ መልእክት አስቀምጦልኝ ነበር። "ኪጃና፣ ነገ ቅዳሜ ነው። ምግቡ አለ።"

አልሄድኩም። የምሄደው ለስልኩ ነበር፤ ስልኩ ከሌለ ምን ብዬ በራቸውን እንደማንኳኳ አላወቅኩም። መልእክቱን ብዙ ጊዜ ሰማሁት፤ ከዚያ መሣሪያው ራሱ አጠፋው።

ለወጣቱ ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት መልሱን ጻፍኩ። ያዋጣል፣ አይቼዋለሁ አልኩ፤ ሰው እንጀራው ከተረጋገጠለት ቀኑን የሚሞላበት አያጣም። ከሥራቸው ለተነሡት ሴት የሠጋሁት በከንቱ ነበር። ከመሣሪያው ጋር የቀረሁት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩለትም።

ዛሬ የምኖረው ላቪንግተን በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ነው፤ ከዚህ ሊሙሩ በመኪና ሩቅ አይደለም። ቁጥራቸው አሁንም በአሮጌ ማስታወሻዬ ውስጥ አለ። የባንኩ ማሽን መልእክት መተው እፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ማስታወሻው ከፊቴ ተገልጦ ነበር። ስልኩን ዘጋሁ።