እመት ህዳግ ሰው ያሳቀችበት ቀን

የሥራ ባልደረቦቿ «እመት ህዳግ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በገጽ ዳር ስለሚተወው ባዶ ቦታ ከሁሉም ጋር ስለምትጣላ ነው። የምትሠራው የሚና ጨዋታ መጻሕፍት በሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ተራኪ፣ ሌሎቹ ጀግና ወይም ሌባ ወይም ጠንቋይ ሆነው፣ ዳይስ እየጣሉ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ደንቡም፣ ካርታውም፣ የጭራቆቹ ጉልበትም በመጽሐፍ ይወጣል፤ መጽሐፉን ገጽ በገጽ የምታቀናብረው እሷ ናት።

ጨዋታውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጡረታ የወጣ የሙዚቃ መምህር ሲሆን፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ቤቱ እየሰበሰበ ይተርክላቸዋል። አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ይዛለት ትሄዳለች። እሱም ሽፋኑን ይዳብስና «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ዓመቱን ሙሉ የምትለፋው ለዚያች ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኋላ ድርጅቱ የዲጂታል ክፍል ከፈተ። ኃላፊው ወፈር ያለ፣ ዝምተኛ፣ የልጆች አባት ነው። ሰውዬው የስልክ ቻርጅ ገመድ ከእጁ ስለማይለይ «ቻርጀር» አለችው፤ ስሙም ተጣበቀበት። አብሮ ሳቀ፤ ግን በሻይ ሰዓት እሷ ያለችበት ጠረጴዛ መቀመጥ ተወ።

አንድ ቀን ወደ ወንበሯ መጣ።

«የዘንዶው ገጽ ላይ ያሉት ሁለት አምዶችና መሀል ላይ ያስገባሽው ሣጥን፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ ፋይሉ ላይ ብታስተካክዪልኝ? ስልኩ ጮክ ብሎ እያነበበላቸው የሚያዳምጡ ሰዎች እየተምታታባቸው ነው።»

«መጽሐፍ ይነበባል እንጂ አይደመጥም» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጇ ቀጣዩ ትልቅ መጽሐፍ በወረቀት ይታተም ወይስ በዲጂታል ብቻ ይውጣ የሚለውን ለመወሰን ተጫዋቾችን አዳራሽ ጠራች። ከንግግሩ በኋላ ጨዋታ ስለነበር የእመት ህዳግ ወንድምም አንዱን ጠረጴዛ እንዲመራ ተጋብዟል። ቻርጀር ላቡን እየጠረገ ስለ ዲጂታሉ አጠር አድርጎ ተናገረና ወረደ። ቀጥሎ እመት ህዳግ ለወረቀቱ ልትሟገት ወጣች። ቀልድ ታውቃለች፤ ሰው ሲስቅላት ደግሞ ይብስባታል።

«ስልክ የያዘ ተራኪ ሳይ እኔ ነኝ የሚጨንቀኝ» አለች። «ጀግኖቹ ዋሻው በር ላይ ቆመዋል፤ እሱ ሶኬት ይፈልጋል። አሁን ደግሞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን የሚያስነብብ መጥቷል አሉ። ለማንበብ የሰነፈ ሰው ምን ብሎ ይተርካል? እሱ እኮ የስልክ አስተርጓሚ ነው።»

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያው እያንከራተተች አስመሰለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድሟ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እሱም ሳቀ። ከዚያ አንገቱን የሚያክ መስሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከቀኝ ጆሮው ትንሽ ጥቁር ማዳመጫ አወጣና ኮቱ ኪስ ከተታት።

ንግግሯን እዚያው አቋርጣ «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። ጭብጨባው አላባራ አለ።

ጠረጴዛዎቹ ሲዘጋጁ ወንድሟ ራሴን አመመኝ ብሎ ጨዋታውን ተወ። ታክሲ ይዛ ቤቱ አደረሰችው። መንገድ ላይ «ጥሩ ተናገርሽ» አላት፤ ቢሰድባት በተሻላት። ቤቱ ገብታ መደርደሪያውን ስታይ፣ ያመጣችለት መጻሕፍት ብዙዎቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ከዚህ በፊትም አይታቸዋለች፤ እንዳይቆሽሹ ሳስቶላቸው ነበር የመሰላት።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?»

«መሀል መሀሉ ነው የጠፋብኝ» አላት። «ዳር ዳሩን አያለሁ። አፍንጫሽን ልይ ካልኩ የለሽም፤ ጆሮሽን ካየሁ ትመጪያለሽ። ፊደል ግን ጭራሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጽሐፍ ይዘሽልኝ ስትገቢ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን አታውቂውም። በምን አፌ ልንገርሽ?» ካለ በኋላ ነገሩን ለማቅለል ብሎ ጨመረ፦ «የመጨረሻው መጽሐፍ ብቻ ትንሽ አስቸግሮኛል። ስልኩን የዘንዶውን ጉልበት ስጠይቀው የእንግዳ ማረፊያዋን ሴትዮ ታሪክ ይቀላቅልብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋን እሳት አስተፋኋት።»

ገጹን ወዲያው አወቀችው። ቻርጀር አስተካክዪልኝ ያላት፣ እሷ ግን አምራለች ብላ በፍሬም አድርጋ ቢሮዋ የሰቀለቻት ገጽ ናት። ይቅርታ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና አጥባ ወጣች።

ሰኞ ቻርጀር ዘንድ ሄደች። ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ቀረና «ያን ገጽ አሰማኝ» ብቻ አለችው። ከፈተላት። ድምፁ ያንን የደከመችበትን ገጽ ከአንዱ አምድ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ዘንዶውን ከሴትዮዋ፣ ሴትዮዋን ከአልጋ ኪራይ እያጋጨ አነበበው። ቢሮው ሁሉ ሰማ። እሷም እስኪያልቅ ቆማ ሰማች።

«አዳራሹ ውስጥ ያሾፍኩበት ሰው ወንድሜ ነው» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ። የቸገረው ነገር ሲኖር ይደውልልኛል» አላት። «‹እህቴ እንዳትሰማ፣ ይከፋታል› ነው የሚለኝ።»

ከዚያ በኋላ በትክክለኛ ስሙ ትጠራው ጀመር። ሌሎቹ ግን ቻርጀር ማለታቸውን አልተዉም። ተዉ ብትላቸው «አንቺ አይደለሽ ያወጣሽለት?» ይሏታል። እሱ «ተያቸው፣ ለምጄዋለሁ» ሲላት ደግሞ የምትገባበት ይጠፋታል።

ድርጅቱ ትልቁን መጽሐፍ በሁለቱም መንገድ አወጣው። እመት ህዳግ የወረቀቱን እንደ ወትሮዋ አሳምራ አቀናበረች፤ የዲጂታሉን ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ ማዳመጫ ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች አስተካከለች። በር በተከፈተ ቁጥር ግን ሰው እንዳያያት ትደነግጥ ነበር። የአዳራሹ ሳቅ አሁን ወደ ራሷ የዞረ ይመስላታል።

ይቅርታውን የጠየቀችው ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ስትወስደው ነው።

«ጋሼ፣ የዚያን ዕለት…»

«ተይ እንጂ፣ እኔም እኮ ስቄያለሁ» አላት። «ጥሩ አድርገሽ ነው ያስመሰልሽኝ።»

አስፋልቱን ለመሻገር የትራፊክ መብራቱ እስኪለቃቸው አብረው ቆሙ። ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ወደ እሱ ማየት አቅቷት ወደ መኪኖቹ አየች።