የደሄቦ ድስት

ደሄቦ ጠዋት ጠዋት የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስትሻገር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዝ ነበር። ድልድይ አለ፤ እሷ ግን በበጋ በአሸዋው መሄድ ትወዳለች። ፀሐይ ሳትበረታ አሸዋው እንዳደረ ወተት ይቀዘቅዛል። በሌላው እጇ በጨርቅ የተቋጠረች የቆርቆሮ ሳህን አለች። ምሳዋ ናት፤ ሩዝ፣ አንዳንዴም ከወንድሟ ከዋርፋ ቤት ያደረ የፍየል ሥጋ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። የመጋላን ሰፈር ከኋላዋ ትታ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎችን ጥላ እየተከተለች ሄዳ፣ ከባቡር ሠራተኞች ቤቶች የአንዱን በር ታንኳኳለች።

ቋጠሮውን ለምን እንደምትይዝ የሚጠይቃት አልነበረም። የምትሠራበት ቤት የክርስቲያን ቤት ነው፤ ሥጋው በክርስቲያን እጅ የታረደ፣ ድስቱም ያንኑ ሥጋ የለመደ። ከዚያ ቤት ሻይና ፉርኖ ዳቦ እንጂ ሌላ አትቀምስም። ባልና ሚስቱም በዋርፋ ሠርግ ተጠርተው ሄደው፣ ሻይና ተምር ይዘው ተቀምጠው፣ አጨብጭበውና መርቀው ነው የተመለሱት። ማንም በማንም አልተቀየመም።

የቤቱ አባወራ ካሣ ግን ወግ አይተውም። ምሳ ሰዓት ላይ ከባቡሩ ጥገና ቤት ዘይት ዘይት እየሸተተ ይመጣና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ደሄቦ ይዘረጋል።

«ነይ ጉረሺ አቦ!»

ደሄቦ ቀኝ መዳፏን አፏ ላይ ታደርግና ፊቷን ወደ ግድግዳው ዞር ታደርጋለች። «አላህ ይስጥህ።»

ካሣ ይስቃል፤ ጉርሻውንም ራሱ ይጎርሰዋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው። እንደ ሰላምታ ሆኗል።

ደሄቦ የተወለደችው ከሁርሶ ወዲያ ባለው ሜዳ፣ ግመል ከሚጠብቁ ሰዎች ነው። በልጅነቷ ባቡር ማለት ለእሷ ግመሎችን አስደንብሮ የሚያልፍ ጭስ ነበር። ድርቅ መጥቶ ግመሎቹን ሲጨርስ፣ ባሏም በዚያው ሰሞን በንዳድ ሲሞትባት፣ ጣቢያው ላይ ጭነት ወደሚያወርደው ወንድሟ መጣች። መጀመሪያ የግመል ወተት እያዞረች ትሸጥ ነበር። የካሣ ሚስት ሸዋገነት ደንበኛዋ ነበረች፤ ጥጥ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ ያኔ እርጉዝ የነበረች።

ልጁ የተወለደ ቀን ደቻቱ ሞላ። ወተት ልታደርስ የመጣችው ደሄቦ መመለሻ አጣች። እዚያው አደረች፤ ሕፃኑንም በክንዷ ይዛ የጎርፉን ድምፅ ስትሰማ ነጋ። ከዚያ በኋላ የወተት ዕቃዋን ሰቅላ ሞግዚት ሆነች። ልጁ ክርስትና ሲነሣ ኃይለጊዮርጊስ ተባለ። ደሄቦ ግን ሮብሌ ነው የምትለው፤ ሶማሌዎች ዝናብ ይዞ ለመጣ ወንድ ልጅ የሚያወጡት ስም ነው። ውሎ አድሮ እናቱም ሮብሌ ማለት ጀመረች። እሱም ደሄቦን «አባዮ» ይላታል፤ እህቴ እንደማለት ነው።

ሮብሌ ጡት ከጣለ ወዲህ በሻይ የራሰ ፉርኖ እንጂ ሌላ አልበላም አለ። ወተት ሲሰጡት ይተፋል። እንጀራ ሲያጎርሱት በምላሱ ገፍቶ ያወጣል። ሸዋገነት «ያድጋል፣ ይተወዋል» ትል ነበር። ክንዱ እየቀጠነ ቢሄድም ሲሮጥና ሲስቅ ይውላል፤ ስለዚህ ማንም ብዙ አልተጨነቀም።

ችግሩን መጀመሪያ ያየችው ደሄቦ ነች። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ገብታ መብራት ገና ሳይበራ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቁራሽ ዳቦ ዘረጋችለት። የሮብሌ እጅ ከዳቦው አጠገብ አየሩን ዳበሰ። እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ክንዷን አገኘና ክንዷን ተከትሎ ወደ ዳቦው ደረሰ። ያገኘውን ይዞ ሲሄድ በመንገዱ በቆመው ባልዲ ተደናቅፎ ወደቀ።

ደሄቦ ወዲያው አላነሣችውም። የእህቷ ልጅ እዚያ ሜዳ ላይ እንዲሁ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ማታ ማታ ይሰናከል ነበር። ቆይቶ ቀንም ሰው ካልመራው መሄድ ተሳነው።

በማግሥቱ ሸዋገነት ይህን ከደሄቦ ሰምታ ልጁን ክሊኒክ ወሰደችው። ድሬሰሩ ዓይኑን ገልጦ አየና «ዳፍንት ነው» አለ። «ገና ጀማሪ ነው፤ ከተመገበ ይመለሳል። ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ቆስጣ ስጡት። ካልበላ ግን…»

ሸዋገነትም እንዲጨርስላት አልጠየቀችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ በማብላት ሥራ ተጠመደ። ሸዋገነት ካሮት ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ በዳቦው ሆድ ውስጥ ደበቀች። ሮብሌ ዳቦውን ከፍቶ አየና ዘጋው። ካሣ በበኩሉ በሙያው መጣ። ማንኪያውን ከፍ አድርጎ በልጁ ዙሪያ እየዞረ፣

«ኩ…! ከጂቡቲ የመጣ ባቡር ነው! ካሮት ጭኗል! ጣቢያውን ክፈቱ!» አለ።

ሮብሌ በባቡሩ ተደሰተ፤ አጨበጨበም። ባቡሩ አፉ ጋ ሲደርስ ግን «ዝግ ነው» አለና በእጁ መታው። ካሮቱ የካሣ የሥራ ልብስ ላይ ተደፋ።

«የተገለበጠ ባቡር ማንሣት ሥራህ አይደል? አንሣው እንግዲህ» አለች ሸዋገነት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ደሄቦም የምትችለውን አደረገች። ግመል ሲታለብ የሚዜመውን እያዜመች ማንኪያ አቀረበች። ፓፓያውን በኮከብ ቅርፅ ቆረጠች። «ዋርያ ሮብሌ፣ ጅግና ነህ፤ ጅግና ይበላል» አለችው። ሮብሌ ዜማውን ሰምቶ፣ ኮከቡን አይቶ፣ ቀኝ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አያለቅስም፤ አይቆጣም። እንደ ጨዋ እንግዳ ነው እምቢ የሚለው።

ይህ ሲሆን ዓቢይ ጾም ገባ። አንድ ቀን ሸዋገነት የሌሊት ፈረቃ ሠርታ አድራ ቤት ዋለች። ምሳ ሲቀርብ ካሣ ስለሌለ ወጉን እሷ ተረከበችው፤ በዱባ ወጥና በቆስጣ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ደሄቦ፣ ዛሬ እንኳ ምን ትያለሽ? ሥጋ የለበትም፤ ጾም ነው። ድስቱንም በአመድ ፈትጌ ነው ያጠብኩት።»

ደሄቦ በልማድ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምንጣፉ ላይ በክዳን ሲጫወት የነበረው ሮብሌ ቀና ብሎ አያት። ለእሱ ማንም ምንም አላቀረበለትም። ቢሆንም መዳፉን አፉ ላይ አደረገ፤ ፊቱንም ወደዚያው ግድግዳ አዞረ።

ሸዋገነት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ቆመ። ጉርሻው እጇ ውስጥ እንዳለ ከሕፃኑ ወደ ደሄቦ፣ ከደሄቦ ወደ ሕፃኑ ተመለከተች።

«አየሽው?»

«አየሁት» አለች ደሄቦ። መዳፏን ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው፤ የሰው እጅ ይመስል አየችው።

«ሥጋ የለበትም እኮ፣ ደሄቦ። ታዲያ ለምን?»

ደሄቦ አፈረች። «ቅጠል ግመል ነው የሚበላው። ግመሏን ደግሞ እኛ። እንዲህ ነው ያደግነው። አባቴ ጎመን የሚበላ ሰው ሲያይ ‹ምስኪን፣ ከብቱ አልቆበት ነው› ይል ነበር። ወላሂ፣ ጉሮሮዬ አይቀበለውም።»

ሸዋገነት ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። «ልጄስ? ግመል ልግዛለት? በማታ ካላያት በምን ይነዳታል?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወዲያው ደግሞ በተናገረችው ተጸጸተችና «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው፣ አትቀየሚኝ» አለች።

ደሄቦ አልተቀየመችም። ወደ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከፊራ የሚባለው ገበያ ገባች። ዛምዛም የምትባል አትክልት ሻጭ ጎረቤቷ ናት፤ አፏ ስለት ነው።

«አቦ ደሄቦ! መንገድ ጠፋሽ? ሥጋ ተራ በዚያ በኩል ነው!»

«ካሮት ስጪኝ።»

«ለፍየልሽ?»

«ለራሴ።»

ዛምዛም ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ የጎረቤት ሻጮችንም ጠራች፤ «ኑ እዩ፣ ደሄቦ ፍየል ሆነች!» ደሄቦ ሳቁ እስኪያልፍ ቆመች። ከዚያ የሮብሌን ነገር ነገረቻት። ዛምዛም ሳቋን አቁማ፣ ካሮት በውኃ አጥባ፣ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠቻት።

ካሮቱ ጥርሷ ሥር ሲሰበር ድምፁ አስደነገጣት፤ ግን ዋጠችው። ፓፓያው እንደ ሳሙና አንሸራተታት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋን ሰብስባ ወደ ታች ላከችው። የቆስጣው ተራ ሲደርስ ፊቷ ሁሉ ወደ አፍንጫዋ ተሰበሰበ።

«እንዲህ ሆነሽ ነው ‹ብላ› የምትይው?» አለች ዛምዛም። «እኔ እንኳ ይኼን ፊት አይቼ የራሴን ዕቃ አልገዛም!»

ደሄቦ የሰማችውን ይዛ ሄደች። ያን ምሽት በዋርፋ ቤት ካሮት እየቆረጠመች፣ ፊቷን ዝም ለማሰኘት ስትታገል አመሸች። ዋርፋ «እህቴ አብዳለች» ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

በማግሥቱ ደሄቦ ደቻቱን ስትሻገር በአንድ እጇ ጫማዋን ይዛለች፤ ሌላው እጇ ባዶ ነበር። ሸዋገነት በሩን ስትከፍት ባዶውን እጅ አየች። ምሳ ደረሰ። የዱባ ወጥና ቆስጣ በትሪ ቀረበ። ደሄቦ እጇን ታጥባ፣ ከሸዋገነት ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ቆረሰች።

ሮብሌ መጫወቻውን አስቀመጠ። አባዮ ከሻይና ከፉርኖ ሌላ ስትበላ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ምሳዋን ሁልጊዜ እሱ ሲተኛ ጓሮ ወጥታ ነው የምትበላው። ቀረብ አለ። አፏን አየ። የሚያኝከውን ጉንጯን በጣቱ ነካ። ሸዋገነት ልታጎርሰው እጇን ስታነሣ ደሄቦ በዓይኗ ከለከለቻት፤ አንድ ተጨማሪ ቆረሰች እንጂ ለልጁ ምንም አላቀረበችም።

ሮብሌ እጁን ትሪው ውስጥ ከተተ። እንጀራ ቦጨቀ፣ ቆስጣውን ዘገነ፣ ግማሹን እየጣለ አባቱ እንደሚያደርገው ክንዱን ዘረጋ።

«ጉረሺ!»

ደሄቦ ከዱባው ነበር ስትበላ የቆየችው፤ ቅጠሉን ሸሽታው ነበር። መዳፏ ከጭኗ ላይ ተነሣ። እዚያው አየር ላይ ቆመ፤ ተመልሶም ወረደ። አፏን ከፈተች። ሮብሌ ቆስጣውን ከነጣቱ አጎረሳት። አኘከች። ፊቷን ዝም አሰኘችው። ዋጠች።

«ሌላ!» አለ ሮብሌ፤ አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ካባቱ ሰምቷል። ሁለተኛውንም ዋጠች። ዓይኗ እንባ ቢያቀርርም ፈገግ ብላ ነበር።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። ትንሽ የዱባ ጉርሻ ጠቅልላ ያዘች። ሮብሌ ጉርሻውን አየ፤ ግድግዳውን አየ። ጣቱ ላይ የቀረውን ብጫ ወጥ ላሰና አፉን ከፈተ።

ሸዋገነት ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። የዋጠ መሆኑን እስክታይ ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አላነሣችም። ሁለተኛው ሲቀርብለት ሮብሌ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። «ይበቃዋል፣ አታስገድጂው» አለች ደሄቦ። በማግሥቱ ጥቂት ጨመረ። አንድ ቀን ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ተፋ፤ ሌላ ቀን የደሄቦን ድርሻ ጭምር ወሰደባት። ካሣም ባቡሩን ጋራዥ አስገባ፤ ምሳ ሰዓት ላይ «ነይ ጉረሺ» ሲል እሷ የምትጎርስለት ሆነች፤ መጀመሪያ ቀን ደንግጦ ጉርሻው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ደሄቦን ሐሳብ ያዛት። ፋሲካ ሲመጣ ድስቱ ወደ ሥጋው ይመለሳል፤ እሷም ወደ ቋጠሮዋ። ሮብሌስ ወደ ግድግዳው ቢመለስ?

የፋሲካ ዋዜማ ሸዋገነት ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ይዛ መጣች። እጀታው ላይ ከፋብሪካ ያመጣችውን ቀይ ክር አሰረችበት።

«ይኼ ሥጋ አያውቅም፤ ወደፊትም አያውቅም» አለች። «የአንቺና የእሱ ነው። እኔም ሲርበኝ እለምናችኋለሁ።»

ደሄቦ ድስቱን ተቀብላ አዟዙራ አየችው። ክሩንም አጥብቃ አሰረችው።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ገብታ መብራት ሳይበራ፣ ደሄቦና ሮብሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። የጎረቤቱ አጥር ጠቁሯል፤ የዛፎቹም ቅጠል ከሰማዩ አይለይም። በመካከላቸው በሳህን የተቆረጠ ፓፓያ አለ። ሮብሌ አንዱን አነሣና ጎረሰ። ከዚያ ሌላ አነሣ።

ደሄቦ አልተጠጋችለትም፤ ክንዷንም አልዘረጋችለትም። በድምፅ እንዳትመራው ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። የልጁ እጅ አየሩን ሳይዳብስ፣ ጉንጯን ሳይነካ፣ በቀጥታ መጥቶ ከንፈሯ ላይ ቆመ።

«አባዮ፣ ጉረሺ።»

ደሄቦ ፓፓያን አሁንም አልወደደችውም። አፏን ከፍታ ዋጠችው፤ ዓይኗንም አልጨፈነችም።

«ሌላ» አለችው።