አራቱ አንቴናዎች

ሰገነቱ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን። የእህቴ ልጅ ደረጃው አፍ ላይ፣ ላፕቶፗን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ፌሮ ይዞ መሀል ላይ ነው። እኔ ልብስ ማስጫው ገመድ ስር ነበርኩ። ሚስቱ ታች ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ወደ ላይ ታያለች። ቤታችን ካዛንቺስ፣ ወደ ባምቢስ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚነገር ሁሉ ሰገነቱ ላይ ይሰማል።

የእህቴ ልጅ ለማስተርስ ጥናቷ አራት አንቴናዎች በየማዕዘኑ ተክላ ነበር። አራቱም አንድን መልእክት ተከፋፍለውና ደጋግመው ወደ ላፕቶፗ ይልካሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ያደርሱታል። «ግን ወሰን አለው» ብላኛለች። «በፍጥነት መላክና ሳይጠፋ ማድረስ አብረው አይሄዱም። አንዱን ሲያበዙ ሌላው ይቀንሳል።» የዚያን ዕለት ቀስ አድርጋ ነበር የምትልከው። መሣሪያው የተውሶ ነው፤ በማግስቱ ይመለሳል። ልኬቱ ካላለቀ ዓመቱን ትደግማለች።

ሾፌሩ የመጣው የሚስቱ ራስ ምታት ከአንቴናዎቹ ነው ብሎ ነው። የመጀመሪያውን በፌሮው መታው። ዘንጉ ተቆልምሞ ወደቀ፤ ስብርባሪው እግሬ ስር ተበተነ።

«ጋሼ! ምን ሆነዋል? በፈጠረዎት!» አለች የእህቴ ልጅ።

«ለቀቀሽ?» ሲል ወደ ግቢው ጮኸ።

«ኧረ እሷን ጠይቃት!» አለች ሚስቱ።

«አንቺ፣ ጠፋ?» አላት የእህቴን ልጅ።

የእህቴ ልጅ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። «አልጠፋም። እየደረሰ ነው» አለች። ደስ ብሏታል፤ መደበቅ አልቻለችም።

«ሰማህ? እየደረሰ ነው እኮ! ወይኔ ራሴን!»

ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ መታው። የአንቴናውን ሽቦ በእጁ በጥሶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወረወረው።

«አሁንስ?»

«እየደረሰ ነው።»

«ትቀልጃለሽ? የኔ ሚስት መለማመጃሽ ናት?» በትከሻዋ ገፈተራት። ከግድግዳው ጋር ተጋጨች፤ ከንፈሯ ደማ። በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች።

ጠጋ ብዬ «ጠፍቷል በይው» አልኳት።

«ያልጠፋውን? ስንቱ ሲሰበር እንደሚጠፋ ነው እኮ የማጠናው፣ እቴቴ።»

ሦስተኛውን ከሥሩ ነቅሎ በእግሩ ረገጠው። አሁንም አልጠፋም፤ ላፕቶፑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ዘግየት እያሉ ነበር የሚመጡት። ወደ አራተኛው ሲሄድ ሮጣ ቀደመችውና ዘንጉን አቀፈች።

«ይቺን ብቻ ጋሼ! በቃ አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

ፌሮው ዘንጉንም እጇንም አገኛቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከተቀመጠችበት ወደ ላፕቶፑ አየች።

«ጠፋ» አለች።

ሾፌሩ ፌሮውን ጣለው። ወደ ግቢው ዞረ። «ለቀቀሽ?» አለ፤ አሁን ግን አልጮኸም።

«ለቀቀኝ» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ተመስገን፣ ለቀቀኝ።»

የእህቴ ልጅ የተሰበረ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ተነሣች፤ በሰገነቱ ጫፍ ወደ ታች አጎነበሰች።

«ራስዎን የሚያምዎት በዚህ ነው ብሎ ማን ነገረዎት?»

«እትዬ ናቸዋ! ግድግዳችሁን አልፎ፣ ጣሪያችሁ ላይ ነጥሮ ነው የሚሄደው አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።»

እውነት ነው፤ ብያታለሁ። አንድ እሑድ ከኡራኤል አብረን ስንመለስ፣ የልጅቷን ትምህርት ላወድስ ብዬ ነው። ስለ ራስ ምታት አላነሣሁም።

የእህቴ ልጅ አየችኝ። ነጠላዬን አውልቄ እጇን ጠቀለልኩላት። ከዚያ ታክሲ ልፈልግ ደረጃውን ወረድኩ።